የቪክቶሪያ ዘመን የሐዘን ጌጥ፦ ጄት፣ ፀጉር ወይስ ስም የተቀረጸበት ቀለበት?

ጥቁር ጌጥ ሁሉ የሐዘን አይደለም። ፀጉር ያለበትም ሁሉ የሟች ማስታወሻ አይደለም። የለንደን የጥንት ዕቃ ገበያም ሆነ ኦንላይን ግን ሁለቱም "የቪክቶሪያ ዘመን የሐዘን ጌጥ" ተብለው ይሸጣሉ። "የሐዘን" የምትለዋ ቃል ዋጋ ትጨምራለች። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ "የሐዘን መሆኑን በምን አወቅክ?" የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ገልብጦ ያሳያችኋል። የማያውቀው "ጥቁር ነዋ!" ይላል።

የኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ስምና ቀን የተቀረጸበትን የወርቅ ቀለበት ግዙ። አድርጋችሁት ለመውጣት ከሆነ ጄት (ከጥንት እንጨት የመጣ ጥቁር ነገር) ይሻላል። ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ቨልካናይትን (ጠንካራ ጥቁር ላስቲክ) አትናቁት። ፀጉሩ የአንጀት ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አወራበታለሁ።

ስለ ዘመኑ ትንሽ

ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ነገሡ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤታቸው ልዑል አልበርት በዲሴምበር 14 ቀን 1861 ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ አረፉ። ንግሥቲቱ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከል አላወለቁም፤ 39 ዓመት ማለት ነው። የአልበርትን ፀጉር የያዘ፣ በኦኒክስ (ጥቁር ድንጋይ) እና በአልማዝ ያጌጠ የወርቅ ሎኬት፣ ማለትም ተከፍቶ የሚዘጋ ትንሽ የአንገት ጌጥ፣ አሠርተው ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሎኬቱ ለልጆች እንዳይተላለፍና ዊንዘር በሚገኘው የአልበርት ክፍል እንዲቀመጥ አዘዋል።

ቤተ መንግሥት ያደረገውን ባለጸጋው፣ ባለጸጋው ያደረገውን የሱቅ ሠራተኛው ተከተለ። ግን ልማዱ ከአልበርት ሞት በፊትም ነበር። የሐዘን ቀለበት በእንግሊዝ ከ1600ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የንግሥቲቱ ሐዘን አጋነነው እንጂ አልፈጠረውም። ስለዚህ "ይህ ከ1861 በኋላ ነው" የሚልን ሻጭ ማስረጃ ጠይቁት።

ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗን በደረጃ ነበር የምትቀንሰው። መጀመሪያ ዓመት ከአንድ ቀን ሙሉ ጥቁር ትለብሳለች፤ ጌጥ ካደረገችም የማያብለጨልጭ ጥቁር ብቻ ነው። ከዚያ እየላላ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ግራጫና ወይን ጠጅ ልብስ፣ ሉልና አሜቴስጢኖስ ይፈቀዳል። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ተኩል ይወስዳል። እኛም ዘንድ ዓመት ሙሉ ከል መልበስ እንግዳ አይደለም። እነሱ ግን ጌጡንም ጭምር በወር ከፋፍለውታል። ይህ ለገዢ ይጠቅማል። ደብዛዛ ሆኖ የተሠራ ጄት ለመጀመሪያው፣ ለጥብቁ ጊዜ ይስማማ ነበር። እንደ መስታወት የተወለወለው ለኋለኛው ወይም ጨርሶ ለፋሽን ሊሆን ይችላል። በ1860ዎቹና 1870ዎቹ ሐዘን የሌለባቸው ሴቶችም ጥቁር ጌጥ ያደርጉ ነበርና።

ጥቁሮቹ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ትሪ ላይ ስድስት ዓይነት ጥቁር ነገር ተደባልቆ "ጄት" የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል።

ጄት (አውሮፕላኑን ማለቴ አይደለም) ድንጋይ ይመስላል እንጂ መነሻው እንጨት ነው። ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ፣ ከዛሬው የአራውካሪያ ዛፍ ጋር የሚዛመድ ዛፍ ውኃ ወስዶት፣ ባሕር ሥር ተቀብሮ፣ ተጨፍልቆ የጠቆረ ነው። በጥራቱ ስም ያወጣው የሚገኘው እንግሊዝ ውስጥ፣ የዮርክሻየር ጠረፍ ላይ ባለችው ዊትቢ ከተማ አካባቢ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ፣ ንግዱ ጣራ በነካበት ጊዜ፣ በዚያች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከ1,000 በላይ ሰው እንጀራው ጄት ነበር። ቆፋሪ፣ ጠራቢ፣ ወልዋይ፣ ነጋዴ። ከዚያ ፋሽኑ ተቀየረ። ከስፔን የመጣው ርካሽና ቶሎ የሚሰነጠቅ ጄት ስሙን አበላሸ፤ ጄት መስሎ የሚሠራው ጥቁር ብርጭቆም ገበያውን ወሰደው።

እጃችሁ ላይ ስታደርጉት ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጄት ቀላል ነው፤ ከመጠኑ የማይጠበቅ ቅለት አለው። ደግሞም አይቀዘቅዝም። ያኔ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ቀለበቶቹ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰንሰለት ማድረግ የተቻለው በዚህ ቅለት ነው። በእጅ ስለሚጠረብ ጽጌረዳው ላይ ሁለት ቅጠል ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም። በማጉያ መነጽር ስታዩት ቅርጹ ጠርዝ ጠርዝ አለው፤ ጥልቅ ቦታዎቹ ላይ የመሣሪያው ጭረት ይታያል።

"የፈረንሳይ ጄት" የሚባለው ጥቁር ብርጭቆ ነው፤ ጄት የሚያሰኘው ስሙ ብቻ ነው። ፈረንሳይ ብቻም አልተሠራም፤ ከቦሄሚያም ብዙ ወጥቷል። ጉንጫችሁ ላይ ብታስነኩት ይቀዘቅዛል። ይከብዳል። ጥርስ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ብትነኩት እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጄት ድምፁ የታፈነ ነው። (ይህን ገበያ መሃል ስታደርጉ ሰው ያያችኋል፤ ግድ የለም፣ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ያደርጉታል።) ብዙ ጊዜ ብርጭቆው ትንንሽ ሆኖ ከኋላው ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ሁሌም ገልብጡት። ጀርባው ብረት ከሆነ ጄት የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። እንዲህ ስል ግን እያጣጣልኩት አይደለም። የማታ መብራት ላይ የሚያንጸባርቅ ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ከጄት ይልቅ እሱ ያምራል። ክፋቱ ዶቃው ቀዳዳው አካባቢ ይሸራረፋል፤ የተለጠፈውም ይወልቃል።

ቨልካናይት ላስቲክ ነው። ጎማ ከድኝ ጋር በሙቀት ሲዋሐድ እንደሚጠነክር በ1840ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ቶማስ ሃንኮክ፣ አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ጉድይር የፈጠራ መብት አወጡበት። ድኙ ሲበዛ እንደ ቀንድ የሚደርቅ ጥቁር ነገር ይወጣዋል። በቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ በሺዎች ማምረት ተቻለ። አበባ ወይም ጉንጉን የያዘች እጅ፣ መስቀል፣ ወፍራም ሰንሰለት፣ ፎቶ የሚገባበት ሎኬት። መለያው ቀላል ነው። ፀሐይ ሲመታው ወደ ቡናማ ይወይባል፤ ጀርባው ጥቁር፣ ፊቱ የቡና ቀለም የሆነ ብሮሽ (ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰካ ጌጥ) ካያችሁ እሱ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ የቅርጹ ሁለት ግማሽ የተጋጠመበት ቀጭን መስመር ይኖራል። በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ስታሹት የድኝ ሽታ ይሰጣል።

አንዳንድ ሻጭ ይህንኑ "ጉታ ፐርቻ" ይለዋል። ጉታ ፐርቻ ከማሌይ አገር ዛፍ የሚገኝ ሌላ ሙጫ ነው፤ ከጊዜ ብዛት ደርቆ ይሰባበራል። እስከ ዛሬ ደህና ሆኖ የቆየ ጌጥ ስታገኙ አብዛኛውን ጊዜ ቨልካናይት ነው። ለስሙ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ከአየርላንድ ረግረግ የሚወጣ የጠቆረ የኦክ እንጨት አለ፤ ደብዛዛ ነው፣ የእንጨቱ መስመር ይታያል፣ በገናና ሦስት ቅጠል ያላት ሻምሮክ ተቀርጾበት ከሆነ አትሳሳቱም። ጥቁር የተነከረ ቀንድ ጠርዙን በስልክ መብራት ስታዩት ብርሃን ያሳልፋል። ኦኒክስ ደግሞ እውነተኛ ድንጋይ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ቢላ የማይጭረው። ጥቁረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሥራ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ኢዳር ኦበርሽታይን በሚባል ቦታ አጌት ድንጋዩን በስኳር ውኃ ዘፍዝፈው፣ ቀጥሎ በአሲድ ስኳሩን እያከሰሉ ያጠቁሩት ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ቦታ "መርፌ አግላችሁ ውጉት" የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ ጄት የከሰል፣ ቨልካናይት የጎማ ሽታ ይሰጣል በሚል። ሽታው እውነት ነው። ግን ዕቃው ላይ ዘላለም የማይጠፋ ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያ ይልቅ ያልተቀባ የሸክላ ሰድር ጀርባ ላይ፣ ከማይታይ ጥግ፣ በሻጩ ፈቃድ ቀስ አድርጋችሁ ብታሰምሩት ይበቃል። ጄት ቡናማ መስመር ይተዋል። ብርጭቆና ኦኒክስ ቡናማ አይተዉም። ቨልካናይትም ቡናማ ሊተው ስለሚችል ይህ ፈተና ጄትን ከብርጭቆ እንጂ ከላስቲክ አይለይላችሁም። ለሱ ሽታውና የቅርጹ መስመር አለ።

ፀጉሩ

ብዙ ሰው ይሄኔ ፊቱን ያዞራል። ይገባኛል። የማላውቀውን ሰው ፀጉር አንገቴ ላይ ላድርግ? የዚያ ዘመን ሰው ግን እንዲህ አያስብም። ፎቶ ውድ በነበረበትና ብዙ ሕፃን በሚሞትበት ጊዜ ከሰውየው የማይበሰብሰው ፀጉሩ ነው።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ሲገዛም ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንደኛው ፀጉሩ በብርጭቆ ወይም በክሪስታል ሥር የተቀመጠበት ነው፤ ተጎንጉኖ፣ ወይም እንደ ላባ ተጠምዝዞ በወርቅ ክርና በትንንሽ ሉል ታስሮ። ሁለተኛው ጌጡ ራሱ ከፀጉር የተሠራበት ነው። ፀጉሩን በሶዳ ውኃ ቀቅለው፣ ክብ ጠረጴዛ ላይ በጫፉ ክብደት እያንጠለጠሉ፣ እንደ ሹሩባ እየጎነጎኑ የሰዓት ሰንሰለት፣ አምባር፣ ጉትቻ ያወጡለታል። የስዊድን መንደር የቮምሁስ ሴቶች በዚህ ሙያ ታውቀው አገር ላገር እየዞሩ ይሠሩ ነበር።

ለማስቀመጥ ከሆነ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አድርጋችሁት ለመውጣት ግን የመጀመሪያውን ምረጡ። የተጎነጎነው ሰንሰለት ደርቆ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል፤ አንዴ ከተበጠሰ ደግሞ የሚጠግነው ሰው በመብራት ተፈልጎ ነው። የብርጭቆው ጠላት ውኃ ነው። ውስጡ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ እርጥበት ገብቶበታል፤ እለፉት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ፀጉር ብቻውን ሐዘንን አያመለክትም። ፍቅረኛሞች ይሰጣጡ ነበር፤ እናት የልጇን፣ ጓደኛ የጓደኛውን ያደርግ ነበር፣ ሁሉም በሕይወት እያሉ። ሐዘን የሚያሰኘው አብሮት ያለው ነው። ጥቁር ኢናሜል (ብረት ላይ በእሳት የሚቀልጥ የብርጭቆ ቀለም)፣ የሞት ቀን፣ "ኢን ሜሞሪ ኦፍ" (ለእገሌ መታሰቢያ) የሚል ጽሑፍ፣ የሚያለቅስ የመሰለ አኻያ ዛፍ፣ የመቃብር ገንቦ። (ገንቦውና አኻያው ጎልተው የወጡት ግን ከቪክቶሪያ በፊት፣ በ1700ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ዘመኑን ሲነግሯችሁ ተጠራጠሩ።) ከነዚህ አንዱም ከሌለ የፍቅር ስጦታ ይሆናል፤ በፍቅር ስጦታ ዋጋ ግዙት።

ማጭበርበሪያውም እዚህ ነው። ባዶ የጥንት ብሮሽ ገዝቶ ውስጡ ፀጉር መክተት ብዙ አያደክምም። ጀርባው ተከፍቶ የተዘጋ ከመሰለ፣ ጠርዙ ላይ አዲስ ጭረት ወይም ሙጫ ካለ፣ ፀጉሩም ትናንት ከጸጉር ቤት የመጣ ያህል የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዕቃውን መልሱት።

ይህን ስጽፍ የኛ ነገር ትዝ ሳይለኝ አይቀርም። በ1868 መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከራሳቸው ላይ ፀጉር ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወስዷል። ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በማርች 2019 ነው። በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ያረፈው የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁም ፀጉር ሞግዚቱ በነበረው በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች እጅ ኖሮ በ2023 ለንደን ላይ ተመልሷል። የልጁን ፀጉር ማስቀመጥ የዘመኑ ልማድ ነው፤ የንጉሡን አስከሬን ፀጉር መሸለት ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው ፀጉር ያለበት ዕቃ ሲቀርብልኝ ከጥራቱ በፊት ከማን ቤት እንደወጣ የምጠይቀው። ሻጩ ስለ ቤተሰቡ አንድ መስመር እንኳ ጽሕፈት ካለው፣ ያ ወረቀት ከጌጡ ጋር አብሮ መምጣት አለበት።

ስም ያለው ቀለበት

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ከውጭ ጥቁር ኢናሜል፣ በወርቅ ፊደል "ኢን ሜሞሪ ኦፍ"፤ ከውስጥ የሟች ስም፣ የሞተበት ቀን፣ ዕድሜ። አንዳንዱ ነጭ ኢናሜል ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ለሕፃን ወይም ላላገባ ሰው ነበር። ሟቹ በኑዛዜው ገንዘብ ትቶ ለወዳጆቹ ያሠራላቸው ነበርና አንድ ዓይነት ቀለበት አምስት ስድስት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለምን ይበልጣል? ምክንያቱም ማጣራት ይቻላል። ጄት ለማን እንዳለቀሰ አይናገርም። ቀለበቱ ግን ስም ይሰጣችኋል። እንግሊዝና ዌልስ ሞትን በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ የጀመሩት በጁላይ 1837፣ ቪክቶሪያ ከነገሡ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከ1858 ጀምሮ ደግሞ የውርስ ዝርዝር በየዓመቱ ይታተም ነበር። በስምና በቀን ፈልጋችሁ ሰውየውን ልታገኙት ትችላላችሁ፤ የት እንደኖረ፣ ሥራው ምን እንደነበር፣ ምን እንደተወ።

ወርቁም ይመሰክራል። ውስጡ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ማኅተሞች በማጉያ እዩ። መልሕቅ የበርሚንግሃም፣ የነብር ራስ የለንደን ነው። ከጎናቸው ያለችው ፊደል ዓመቱን ትናገራለች፤ ሰንጠረዡ ኦንላይን በነፃ ይገኛል። አንድ ጠቃሚ ነገር፦ 9፣ 12 እና 15 ካራት ወርቅ በእንግሊዝ በሕግ የተፈቀደው በ1854 ነው፤ 12 እና 15 ደግሞ በ1932 ቀርተዋል። ስለዚህ የ15 ካራት ማኅተም ያለበት ቀለበት ውስጥ የ1840 ሞት ተጽፎ ካገኛችሁ አንድ ነገር አይገጥምም። ወይ ጽሑፉ በኋላ የገባ ነው፣ ወይ ቤተሰቡ ቆይቶ አሠርቶታል፣ ወይ ሻጩ ተጫውቶባችኋል። ማኅተሙ ከሞቱ ዓመት አንድ ሁለት ዓመት ቢቀድም አትደንግጡ፤ ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ሠርቶ አስቀምጦ ስሙን በኋላ ይቀርጽ ነበር።

ድክመቱ ኢናሜሉ ነው። ይላጣል። የተላጠን ኢናሜል መልሶ ማስጠገን ከቀለበቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጣታችሁ ካልገባ ደግሞ ወርቅ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ አታስሰፉት፤ እሳቱ ኢናሜሉን ይሰነጥቀዋል፣ ጽሑፉንም ይቆርጠዋል። በሰንሰለት አንገት ላይ ማንጠልጠል ይሻላል።

በመጨረሻ ስትወስኑ

ሠርግም ለቅሶም አድርጌው የምሄደው አንድ ጥቁር ነገር እፈልጋለሁ ካላችሁ የዊትቢ ጄት ጉትቻ ወይም ብሮሽ። ስታስቀምጡት ከወርቅና ከአልማዝ ለይታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ለስላሳ ስለሆነ ይጫራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ፣ ወይም ለተማሪ ልጅ ስጦታ፣ ጥቁረቱን ያልለቀቀ የቨልካናይት ብሮሽ ጥሩ ነው፤ መስኮት አጠገብ ብቻ አታስቀምጡት። ታሪክ ለሚወድ ሰው ቀለበቱ። ፀጉሩን የሚገዛ ሰው ደግሞ ምክር አይጠይቅም፤ ገና ሲያየው ወይ ይወደዋል ወይ ይሸሸዋል።

ብሮሽ ከሆነ መርፌውን እዩ። በዚያ ዘመን መያዣው "ሲ" ቅርጽ ያለው ተራ መንጠቆ ነበር፤ መርፌውም ብዙ ጊዜ ከጌጡ ጠርዝ አልፎ ይወጣል። የሚሽከረከር መቆለፊያ ካለው ወይ መያዣው ተቀይሯል ወይ ብሮሹ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኦንላይን ስትገዙ የፊቱ ፎቶ ብዙ አይጠቅማችሁም። የጀርባውን፣ የመርፌውንና የጠርዙን ፎቶ በቀን ብርሃን አስልኩ። "ካሜራዬ ተበላሽቷል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሻጭ አይጠፋም።

ከመግዛታችሁ በፊት ትክክለኛውን ዓይነት በዓይናችሁ ብታዩ ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል። ለንደን ያላችሁ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጌጣጌጥ ክፍል በነፃ ይገባል። ወደ ሰሜን ከወጣችሁ የዊትቢ ሙዚየም የጄት ስብስቡ ለብቻው ያደክማል። አሜሪካ ወይም ባሕረ ሰላጤው ሆናችሁ ከእንግሊዝ የምታስልኩ ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ፦ የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት ያለበት ጌጥ ጥንታዊም ቢሆን ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ጉምሩክም ሊይዘው ይችላል። በዝሆን ጥርስ ላይ የተሳለ ትንሽ ሥዕል ያለበት ብሮሽ ከሆነ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ።